በስልሳ ዓመት የሚጀመር እንግሊዝኛ

በሄርማታም ሆነ በዙሪያችን ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮም በሊሙ ገነትም፣ ልጇ አሜሪካ ያለች እናት አንድ ቀን ስልክ ይደወልላታል። «እማዬ፣ መውለጃዬ ደርሷል፤ ነይልኝ» ትባላለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሥራ በሥራ ይሆናል። በርበሬው ይደለዛል፣ ሽሮው ይፈጫል፣ የገንፎው ዱቄት ይሰናዳል፤ ቡናውማ የአገር ቤት ነው፣ ተለቅሞ ይታሰራል። ሻንጣው ሞልቶ ሲመዘን የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ቋንቋ። «ልጄ አለችልኝ» ተብሎ ይታለፋል።

ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖረው ልጄ ዘንድ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተቀምጬ ተመልሻለሁ። እዚያ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ለአገራችን አረጋውያን እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ሰባት እናቶችና ሁለት አባቶች ነበሩ። ትልቁ 74 ዓመታቸው ነበር። አሁን ወደዚያ ለመሄድ የምትሰናዱ፣ እናት አባታችሁንም ለመላክ የምታስቡ ብዙ ናችሁና፣ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከተማሪዎቼ አንዷ የአጋሮ እናት ነበሩ፤ የስኳር ሕመም አለባቸው። አንድ ቀን ልጃቸውና አማቻቸው ሥራ ሄደው ከአራት ወር ሕፃን ጋር ብቻቸውን ሳሉ ላብ ላብ አላቸው፤ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ስኳራቸው ወርዶ ነው። ልጃቸው ጋ ቢደውሉ አታነሳም፤ በሥራ ቦታዋ ስልክ ክልክል ነው። ወደ 911 እንደሚደወል ያውቃሉ፤ ግን «ምን ብዬ?» ብለው ተቀመጡ። ደግነቱ ሻይ አፍልተው ነበርና ስኳር ጨምረው ጠጡበት፤ ተመለሰላቸው። በማግሥቱ ቅዳሜ ክፍሌ መጥተው «ሲስተር፣ ሰላምታውን ተዪውና እንዳልሞት የሚያደርገኝን አስተምሪኝ» አሉኝ።

ትምህርታችን የተለወጠው ያን ዕለት ነው። ፊደል ቆጠራውንና ሰዋስውን ወደ ኋላ አድርገን ከሰውነት ጀመርን። «ፔይን» ሕመም፣ «ዲዚ» ማዞር፣ «ፎል» መውደቅ፣ «ብሊዲንግ» መድማት፣ «ዳያቤቲስ» ስኳር፣ «ብለድ ፕሬዠር» ደም ግፊት። ቀጥሎ የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም በቃል መያዝ ነው። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ»። አፋን ኦሮሞ የሚቀላቸው «ኦሮሞ» ይላሉ። 911 የሚያነሱት ሰዎች የቋንቋውን ስም ከሰሙ ብዙውን ጊዜ አስተርጓሚ በስልኩ ያስገባሉ፤ ዋናው ስልኩን አለመዝጋት ነው።

አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች ቋንቋ ለማይችል ሕመምተኛ አገልግሎት እንዳይነፍጉ ያስገድዳል፤ አስተርጓሚውም በነፃ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ጭምር ያገለግላል። ይህን ሳያውቁ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን ለአስተርጓሚነት ይዘው የሚሄዱ አያቶች አይቻለሁ። ሕፃን ልጅ የአያቱን የማሕፀን ሕመም እንዴት ብሎ ይተርጉም? አያትስ በልጁ ፊት እንዴት ትናገረው?

ቃል በቃል መተርጎምም ጉድ ያመጣል። እኛ ጨጓራችን ሲያቃጥለን «ልቤን» እንላለን። ይህ «ሃርት» ተብሎ ከተተረጎመ ሐኪሙ የልብ ሕመም ፍለጋ ይሮጣል። ወገባችንን ሲያመን «ኩላሊቴን» እንላለን፤ ምርመራው ሌላ መንገድ ይሄዳል። «ምች መታኝ» ለሚለውማ እንግሊዝኛው ከየት ይመጣል? ስለዚህ በክፍላችን አንድ ልማድ አበጀን፤ ከስሙ በፊት ቦታውን በጣት ማሳየት፣ ከዚያ መቼ እንደጀመረ መናገር።

ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ማለት በእነሱ 9 ነው። ቀጠሮው 9 ሰዓት ተብሎ ከቀትር በኋላ የሄዱ አባት አውቃለሁ። «9» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ነዋ! መድኃኒት ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ተማሪዎቼን በእጃቸው ሰዓት እንዲያስሩ አድርጌ፣ እንደነሱ አቆጣጠር እንዲሞሉት መከርኳቸው።

ስምም ያስቸግራል። ሐኪም ቤት ነርሷ በሩን ከፍታ የምትጠራው የአባትን ስም ነው። እናት «አባቴ ከሞተ 40 ዓመቱ፣ ማን እሱን ይጠራል?» ብላ ቁጭ ትላለች፤ ተራዋ ያልፋል።

አንዳንዶቻችሁ «በዚህ ዕድሜ ምላስ መቼ ይፈታል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እስቲ ሄርማታ ገበያ ውጡና አዳምጡ። ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ከየአቅጣጫው ነጋዴ ይመጣበት የነበረ ገበያ ነው። ኦሮሞው፣ ዳውሮው፣ የሙ፣ ከፋው፣ ጉራጌው እዚያ ተገናኝቶ ይሸጣል፣ ይገዛል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች በሦስት ቋንቋ ዋጋ ሲከራከሩ እየሰማን ነው ያደግነው። ማን አስተማራቸው? ጉዳይና ድፍረት ናቸው።

የውጭ አገር ሰው ሲደፍርም አይተናል። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ ፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች አዲስ አበባ ገብተው፣ አብዛኞቹ በአስተማሪነት በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ። ከመምጣታቸው በፊት ዋሽንግተን በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ተምረው ነበር። በጅማ መንገድ ላይ፣ ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ኋላ የአሜሪካ ሴናተር ሆኗል። ፕሮግራሙ በደርግ ጊዜ፣ በ1969 ዓ.ም. እስኪቋረጥ ድረስ ብዙዎቻችን እንግሊዝኛ የቀመስነው ከእነሱ ነው። የሰባተኛ ክፍል አስተማሪያችን ከመካከላቸው አንዱ ነበር። ገበያ ወጥቶ ቃል ሲያጣምም ሰው ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቅና ትክክለኛውን ጠይቆ በኪስ ደብተሩ ይጽፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለተማሪዎቼ ይህንኑ አወራላቸው ነበር። ሰው አገር ገብቶ የማይሳቅበት የለም፤ ደብተር መያዝ ግን ይጠቅማል።

ቋንቋው የሚያስፈልገው ለሕመም ብቻ አይደለም። በክረምቱ ወራት በአምስት ሰዓት ገደማ፣ በእኛ ከቀኑ አሥራ አንድ ገደማ መሆኑ ነው፣ ቀኑ ይመሻል። ልጆቹ ሥራ ናቸው። ቡና ቢፈላ የሚጠራ ጎረቤት የለም። የልጅ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ ሲመጣ ቤተሰቡ «አገሯ ናፍቋት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ሐኪም ሊያየው የሚገባ ሕመም ነው። ከቤት መውጣትም መድኃኒት አለው። በየከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ በብዙዎቹ ለጎልማሶች በነፃ እንግሊዝኛ ይሰጣል። ከቬትናም፣ ከኤልሳልቫዶር፣ ከሌላም አገር የመጡ አያቶች አብረው ይቀመጣሉ። ወላጆቻችሁን ያስመጣችሁ ልጆች፣ ከስጦታ ሁሉ በፊት አድርሷቸውና መልሷቸው።

አንድ የተሳሳተ ወሬም ላስተካክል። «ለሽማግሌ የዜግነት ፈተና እንግሊዝኛ አይጠየቅም» ይባላል። ዕድሜ ብቻውን ነፃ አያወጣም። ነፃ የሚሆነው 50 ዓመት ሞልቶት በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ዓመት ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ እሱም ቢሆን የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በራሱ ቋንቋ ይፈተናል። በ62 ዓመቷ የሄደች እናት ከአምስት ዓመት በኋላ ካመለከተች፣ ሕመም እንደሚያግዳት በሐኪም ካልተረጋገጠላት በቀር፣ በእንግሊዝኛ መፈተን አለባት።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከዚህ ይጀመር። ጉዞው ሦስት ወር ከቀረው የልጅ ልጆቻችሁን በቀን ሁለት ቃል አስተምሩኝ በሏቸው፤ ይደሰታሉ። የምትወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን፣ የማይስማማችሁንም፣ በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ በቦርሳችሁ ያዙ። የምትኖሩበትን አድራሻ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ እስክትሉት አጥኑት።

ያቺ የአጋሮ እናት በቀጣዩ ክረምት እንደገና ስኳራቸው ወረደ። ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኝተው ደወሉ። «ዳያቤቲስ። ዲዚ። ቤቢ። አምሃሪክ።» ከዚያ የቤቱን ቁጥር። አምቡላንሱ ሲደርስ በሩን ከፍተው ነበር የጠበቁት።