የኦርጋኒክ ውህዶች ስያሜና ፋይዳው
ኦርጋኒክ ውህዶች በሚሊዮን የሚቆጠሩ በመሆናቸው በልማዳዊ ስም ብቻ መለየት አይቻልም። በዚህም ምክንያት ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1892 በጄኔቫ ተሰብስበው የጋራ የአሰያየም ደንብ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የንጹሕና ተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረትም ደንቡን እያሻሻለ ይገኛል።

በደንቡ መሠረት የስሙ መነሻ የካርቦን አቶሞችን ብዛት፣ መድረሻው ደግሞ የውህዱን ምድብ ያመለክታል። «ሜት» አንድ፣ «ኤት» ሁለት ካርቦን ማለት ሲሆን፣ «ኦል» የአልኮል ምድብ መለያ ነው።

ሜታኖልና ኤታኖል ሁለቱም ቀለም አልባ አልኮሎች ናቸው። ኤታኖል በጠጅና በአረቄ ውስጥ የሚገኘው ሲሆን፣ ሜታኖል ግን በጥቂቱም ቢጠጣ ዓይን ያሳውራል፤ ሕይወትም ያጠፋል። ስለሆነም በግዥ ሰነድና በመጋዘን መዝገብ ላይ «አልኮል» ብሎ ማለፍ በቂ አይደለም፤ ሙሉ ስሙ ሊሰፍር ይገባል።