ለሥራ የተወለደ ውሻ በሠራተኛ እናት ቤት

ልጆች «ውሻ ይገዛልን» ብለው ሲለምኑ የሚያዩት ፊቱን ነው። ጆሮው ረዥም፣ ፀጉሩ ለስላሳ፣ ዐይኑ የሚለማመጥ ከሆነ በነሱ በኩል ነገሩ አለቀ። እናት ግን ሌላ ነገር መመልከት ይኖርባታል፤ ይኸውም የቡችላው አባትና እናት ምን ሥራ ይሠሩ እንደነበር ነው። በተለይ በእንግሊዝ አገር የሚኖሩ እኅቶቻችን ይህን ጥያቄ ከልጆቻቸው አዘውትረው ስለሚሰሙ፣ በዚያ አገር በብዙ ቤት ስለሚገኘው ስለ ስፓኒየል ዛሬ ጥቂት እንነጋገር።

ስፓኒየል በመሠረቱ የአደን ውሻ ነው። ሥራው ከአዳኙ ፊት ፊት እየሄደ ቁጥቋጦውን መፈተሽ፣ የተደበቀውን ወፍ ማስነሣት፣ ተመቶ ሲወድቅም ሳይቦጭቅ በአፉ ይዞ ማምጣት ነው። ከዝርያዎቹ ሁለቱ በጣም የታወቁ ናቸው። ስፕሪንገር ስሙን ያገኘው ወፉን ከተደበቀበት አስፈንጥሮ በማስነሣቱ ሲሆን፣ ኮከር ደግሞ ዉድኮክ ከምትባል የጫካ ወፍ ነው። የዝርያ ውሾችን የሚመዘግበው ኬነል ክለብ በ1873 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተቋቋመ፤ ስፓኒየሎች በአደን ሜዳ የተወዳደሩበት የመጀመሪያው ውድድርም በ1899 ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አርቢዎች ቀስ በቀስ በሁለት መንገድ ተለያዩ። አንደኛው ወገን ለትርኢት መድረክ የሚያምረውን፣ ሁለተኛው ወገን ለሜዳ የሚፈጥነውን እየመረጠ አራባ። ለትርኢት የተራባው ከበድ ያለ፣ ጆሮው ረዥም፣ ፀጉሩ የበዛ ነው። የሥራ ዘሩ ቀጠን ያለ፣ ጆሮው አጠር ያለ፣ ፀጉሩ ያነሰ፣ አፍንጫው ከመሬት የማይነሣ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው ቢሉ፣ ሁለቱም በመዝገብ የሚጻፉት በአንድ የዝርያ ስም ነው። «ኮከር ስፓኒየል» የሚል ወረቀት ተቀብላ የተመለሰች እናት የትኛውን እንደገዛች ከስሙ አታውቅም። የምታውቀው የዘር ሐረጉን ስታነብ ነው። በአያትና በቅድመ አያት ስም ፊት «ኤፍ ቲ ሲ ኤች» የሚሉ ፊደላት ከተደረደሩ እነዚያ ውሾች የአደን ሜዳ ሻምፒዮኖች ነበሩ ማለት ነው። የሻምፒዮን ስም በቀይ ቀለም የመጻፍ ልማድም አለ። ሻጩ ቀዩን እያሳየ ሲኮራ አብረው አይኩሩ። ለአዳኝ ደስታ የሆነው ቀይ ቀለም ለርስዎ ቤት ብዙ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስንል የሥራ ዘሩን ለማጥላላት አይደለም። ሰው ወዳድ፣ ቶሎ የሚማር፣ ፊሽካ ሰምቶ የሚመለስ ውሻ ነው። ቡስተር የተባለ ስፕሪንገር በ2003 ኢራቅ ውስጥ የተደበቀ መሣሪያ አነፍንፎ በማግኘቱ ለእንስሳት የሚሰጠውን የዲኪን ሜዳልያ ተሸልሟል። እንዲህ ያለ አፍንጫና እንዲህ ያለ ትጋት ግን ሶፋ ላይ ተኝቶ አይውልም።

እስቲ አሁን የርስዎን ቀን እንቁጠር። 8 ሰዓት ሥራ፣ በአውቶቡስና በባቡር 2 ሰዓት፣ ከዚያ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ የልጆች የቤት ሥራ። በእንግሊዝ አገር ያሉ የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች ውሻ ከ4 ሰዓት በላይ ብቻውን እንዳይተው ይመክራሉ። ለስፕሪንገር ደግሞ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይባላል። በታኅሣሥ ወር ለንደን ላይ ጀንበር የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሽርሽሩ በጨለማና በዝናብ ሊሆን ነው። ልጆቹ «እኛ እናንሸራሽረዋለን» ብለው ይምላሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ያንሸራሽሩታል። ከዚያ በኋላ ማሰሪያው ሳይታወቅ እናት እጅ ይገባል። ባለቤትዎም ውሻውን ይወዱታል፤ መውደድና ጭቃ እግሩን ማጠብ ግን ሁለት ነገር ነው። ስለዚህ ቡችላው ከመምጣቱ በፊት የጠዋቱ የማን፣ የቀትሩ የማን፣ የማታው የማን እንደሆነ በስም ተጽፎ ወጥ ቤት ይለጠፍ። ለቀትሩ የሚጻፍ ስም ከጠፋ፣ የሥራ ዘሩን ቡችላ ይተዉት።

ሥራ ያጣ ስፓኒየል ለራሱ ሥራ ይፈጥራልና። ጫማ ያኝካል፣ አትክልቱን ይቆፍራል፣ ጎረቤት እስኪያማርር ይጮኻል። አንዳንዱ በግድግዳ ላይ የሚወርደውን ብርሃንና ጥላ ማባረር ይጀምራል። መጀመሪያ ያስቃል፤ ከሰነበተ ግን ለማስተው አስቸጋሪ አመል ይሆናል። ብዙ ሰው መፍትሔው ኳስ እየወረወሩ ማስሮጥ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሩጫ ግን ውሻውን ይበልጥ የሚያጋግል፣ ጉልበቱንም ከቀን ወደ ቀን የሚያበረታ ነው። የሚያረካው አፍንጫውን ማሠራት ነው። ምግቡን በሳሕን ከመስጠት ይልቅ ሣር ላይ ይበትኑለት። ልጆች አሮጌ ጨርቅ ይደብቁና «ፈልግ» ይበሉት። አሥር ደቂቃ እንዲህ የፈለገ ውሻ መጥቶ ይተኛል። ይህ ጨዋታ ለልጆችም ይበጃል፤ ዝናብ ቢዘንብም ሳሎን ውስጥ ይሆናል።

አሁን ልጆች ስላሉበት ቤት ዋናውን ነገር እንናገር። ይህ ውሻ በአፉ መያዝ የተፈጠረበት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ካልሲ፣ አሻንጉሊት፣ ዳቦ ያነሣል። ሕፃኑ «የኔ ነው» ብሎ ከአፉ ይነጥቃል፤ እናትም እየጮኸች ታባርረዋለች። ውሻው ከዚህ የሚማረው የያዘውን መደበቅና መጠበቅ ነው። በኋላም ይደነፋል፤ ካልተሰማም ይነክሳል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መንጠቅ የተከለከለ ይሁን። የሚጣፍጥ ነገር አሳይተው ይለዋውጡት፤ አምጥቶ ሲሰጥም ያመስግኑት። ትንሽ ልጅና ውሻ ብቻቸውን በአንድ ክፍል አይተዉ። በእንግሊዝ አገር የቤት ውሾች ላይ የእብድ ውሻ በሽታ የለም፤ በእኛ አገር ግን አለ። አዲስ አበባ የምትኖሩ እናቶች፣ የውሻው ዘር ምንም ይሁን ምን አስከትቡት፤ ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለመግዛት ከተወሰነ ቡችላውን ከእናቱ ጋር በተወለደበት ቤት ይዩት። በእንግሊዝ አገር ከሚያዝያ 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ ቡችላ የሚሸጠው ራሱ አርቢው ነው፤ 8 ሳምንት ያልሞላውን መሸጥም ክልክል ነው። እናቲቱ እንግዳ ሲመጣ ምን ታደርጋለች? ተረጋግታ ታሸታለች ወይስ ግድግዳ ለግድግዳ ትዞራለች? እሷን ማየት ከመቶ ፎቶግራፍ ይበልጣል። ወላጆቹ ለዕውርነት ስለሚዳርገው የሬቲና በሽታ፣ ኮከር ከሆኑ በወጣትነት ስለሚይዘው የኩላሊት በሽታ፣ ስፕሪንገር ከሆኑ ፉኮሲዶሲስ ስለሚባለው የነርቭ በሽታ የዘር ምርመራ ማድረጋቸውን በወረቀት ይጠይቁ።

ቡችላ ብቻ የሚፈልጉ ሰዎች የሚያልፉት ሌላ መንገድም አለ። በአደን ሜዳ ውድድር ድምፅ የሚያሰማ ወይም ወፉን በጥርሱ የሚጨፈልቅ ውሻ ይሰናበታል። ስለዚህ አሰልጣኞች አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሆነው፣ መታዘዝ የተማረ፣ ለውድድር ግን ያልበቃ ውሻ ሊለቁ ይችላሉ። በሜዳ ማላዘኑ ለርስዎ ቤት ምን ቁም ነገር አለው? ተኩስ ስለሚፈራ የተባረረ ከሆነ ግን ነጎድጓድና ርችትም ሊያስፈራው ስለሚችል አስቀድመው ይጠይቁ። ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ጥያቄ ቤት ውስጥ ኖሮ ያውቅ እንደሆነ ነው። ብዙዎቹ ያደጉት በረት መሰል የውሻ ቤት ስለሆነ ምንጣፍም የልብስ ማጠቢያ መኪና ድምፅም እንግዳ ነው። ለአንድ ሳምንት ያህል ልክ እንደ ቡችላ በየሁለት ሰዓቱ ወደ ደጅ ያውጡት፤ አያት ከአገር ቤት መጥተው ከሆነ፣ ውሻ ደጅ እንጂ ማጀት አይገባም ብለው ያደጉ ናቸውና፣ ወጥ ቤቱን ለሳቸው ከልለው በር ይዝጉ።