ሠራ ወይስ ፈራ?

(ድምፅ፦ የመደበኛ ስልክ ጥሪ ሁለት ጊዜ ይጮኻል። ከጀርባ የክረምት ዝናብ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ።)

ተራኪ፦ እናቴ ቤት መደበኛው ስልክ ሲጮኽ ሁለት ነገር ይሆናል። እናቴ «ማነው ደግሞ በዚህ ዝናብ?» እያለች ከማጀት ትወጣለች። የእኅቴ ልጅ ደግሞ ከጓዳ፣ «እማማ! ኮኔክሽኑ ጠፋ!» ብሎ ይጮኻል።

የደወለችው ናዝሬት ያለችው አክስቴ ናት። ወሬው ስለዚሁ ልጅ ነው።

«እትዬ፣ ልጁ ፈተናውን እንዴት ሆነ?»

«ሠራ!»

«ፈራ? ኤዲያ! ምን ያስፈራዋል?»

«ሠራ ነው ያልኩሽ! ሠ-ራ!»

እናቴ ስልኩን ዘግታ፣ «እኅቴ ጆሮዋ ደከመ» ትላለች። አክስቴም በበኩሏ እናቴ ጥርሷ ስላለቀ ቃል አይወጣላትም ብላ ታማታለች። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጥፋቱ የጆሮም የጥርስም አይደለም።

(ድምፅ፦ የመስመር እሽታ፣ ቀስ እያለ ይጠፋል።)

ተራኪ፦ የሰው ጆሮ በወጣትነቱ እስከ 20 ሺህ ሄርዝ የሚደርስ ድምፅ ይሰማል። ስልክ ግን ይህን ሁሉ አያሳልፍም። የጥንት መሐንዲሶች ንግግር ለመግባባት ምን ያህል ቢያልፍ ይበቃዋል ብለው አስልተው ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ያለውን ብቻ አስቀሩ። ሌላው ተቆርጦ ይጣላል። የጎረምሳን ድምፅ ከሽማግሌ ለመለየት ይህ ይበቃል። ማን እንደደወለ ለማወቅም ይበቃል። «ሰ» እና «ፈ» ላይ ሲደርስ ግን አይበቃም። የ«ሰ» ፉጨት አብዛኛው ጉልበቱ ያለው ከተቆረጠው መስመር በላይ ነው። እሱ ሲቀር «ሰ»ም «ፈ»ም ነፋስ ብቻ ይሆናሉ፤ የቀረውን የሚሞላው ሰሚው በግምት ነው። ስለዚህ አክስቴ «ፈራ» ብትሰማ አይፈረድባትም።

ዲጂታል ስልክ መጣ ሲባል ይህ ጉድለት የተወገደ የሚመስለው ብዙ ነው። አልተወገደም፤ እንዲያውም በቁጥር ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ1937 ፓሪስ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አሌክ ሪቭስ ድምፅን ወደ ቁጥር መቀየር እንደሚቻል ሐሳቡን አቀረበ። በኋላ በተለመደው አሠራር ድምፁ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት በ8 ቢት ይጻፋል። ሲባዛ 64,000 ቢት በሰከንድ ይሆናል። የዓለም የስልክ ማዕከላት ለዓመታት የተግባቡት በዚህች ቁጥር ነው። በሰከንድ 8,000 ጊዜ የሚለካ ነገር ደግሞ ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ሊይዝ አይችልም።

ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው? ርቀት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። በእንዲህ ያለ መስመር ድምፅ እየራቀ ሲሄድ ይደክማል። በመንገድ ላይ በማጉያ ቢያበረታቱት ከድምፁ ጋር ጫጫታውም አብሮ ይጎላል። ቡና ነው፤ አቦሉ ወፍራም፣ ቶናው ቀጠን ያለ፣ በረካው ደግሞ ውኃ። ዲጂታል ግን በየጣቢያው ዜሮና አንዱን ለይቶ እንደ አዲስ ይጽፈዋል። በየጣቢያው አዲስ አቦል ይፈላል እንደ ማለት ነው። የጥንቱ መስመር ሲታመም ያቃስታል፤ የሚያወራው ሰው ግን ይሰማል። ዲጂታሉ ሲታመም አያቃስትም። ደህና ሲናገር ቆይቶ ድንገት ይቆራረጣል፤ ከዚያ ጸጥ ነው። «ሃሎ? ሃሎ? ይሰማል?» የምንለው ለዚህ ነው።

(ድምፅ፦ የመሰላል መንቋቋት፣ የመፍቻ ድምፅ።)

ተራኪ፦ ወደ እናቴ ቤት እንመለስ። ዝናቡ ባባራ ማግስት የስልኩን እሽታና የኮኔክሽኑን መጥፋት የሚያይ አንድ የመስመር ባለሙያ አመጣሁ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከሞደሙ ጋር አገናኝቶ የሞደሙን ገጽ ከፈተ። ገጹ ላይ «ኖይዝ ማርጂን» የሚል ቁጥር አለ፤ መስመሩ ከጫጫታው በላይ ስንት ዴሲቤል መተንፈሻ እንዳለው ይናገራል። የኛው 4 ይላል። ከ6 በታች ከሆነ መስመሩ በየሰበቡ ይወድቃል አለኝ። ከዚያ ስለ ኢንተርኔቱ አንድም ነገር ሳይጠይቅ፣ «ስልኩ የት የት ነው ያለው?» አለ።

ለምን ስልኩን ጠየቀ? ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው ሽቦ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ የመዳብ ጥንድ ነው። በዚሁ ጥንድ ላይ ሁለት እንግዶች አብረው ይኖራሉ። ድምፅ ከ4,000 ሄርዝ በታች፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ኤዲኤስኤል የሚባለው ብሮድባንድ ከ26 ሺህ ሄርዝ ገደማ ጀምሮ እስከ 1.1 ሚሊዮን ሄርዝ ፎቁን ይይዛል፤ ተከታዩ ኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ ደግሞ እስከ 2.2 ሚሊዮን ይወጣል። በመካከላቸው ግድግዳ የምትሆነው ፊልተር የምትባል ጣት የምታህል የፕላስቲክ ዕቃ ናት። እያንዳንዱ ስልክ የራሱ ያስፈልገዋል።

ሳሎን ያለው ስልክ ፊልተር ነበረው። ባለሙያው ሽቦውን በእጁ እየተከተለ ሄደ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አሮጌ ቅጥያ አገኘ፤ አባታችን በሕይወት ሳለ ወደ መኝታ ቤት ያስገባው ሁለተኛ ስልክ ነው። ፊልተር የለውም። የተቀጠለው ሽቦውን በሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ በመጠቅለል ነው። ናስትሮውን ሲፈታው ውስጡ ረጥቧል፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ በግድግዳው ስንጥቅ እየሾለከ ሲመጣ የኖረው እዚህ ላይ ነው። እሽታው ከዚህ ነበር። ስልክ ሲጠራ ደግሞ ከማዕከሉ የሚላከው የጥሪ ጉልበት ከ70 ቮልት በላይ ነው። ፊልተር በሌለው ስልክ በኩል ፎቁን ያናውጠዋል፤ ሞደሙ ግንኙነቱን ጥሎ እንደገና ይጀምራል። ልጁ «ኮኔክሽኑ ጠፋ» የሚለው እውነቱን ነው።

ለወራት ለሚያየኝ ሁሉ አገልግሎት ሰጪውን ሳማ ከርሜ ጥፋቱ ከራሳችን ቁም ሳጥን ጀርባ ተገኘ።

ቅጥያው ተቆርጦ ተጣለ። ቁጥሩ ከ4 ወደ 11 ወጣ። ባለሙያው ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

(ሙዚቃ፣ አጭር።)

ተራኪ፦ ሽቦ ሁሉ ግን በፊልተር አይድንም። የኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ ፍጥነት በወረቀት 24 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ይህ የሚሠራው የስልክ ማዕከሉ ጎረቤት ለሆነ ሰው ነው። ከፍተኛው ድግግሞሽ መዳብ ላይ ቶሎ ይደክማል፤ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚኖር ደንበኛ 2 ሜጋቢት እንኳ ከደረሰው ዕድለኛ ነው። ርቀቱም የሚለካው ሽቦው በሄደበት እንጂ በአሞራ በረራ አይደለም። ማዕከሉን ከበረንዳህ እያየኸው ሽቦህ ሰፈሩን ዞሮ ሊመጣ ይችላል። ሌላም አለ፤ ውል ላይ ያለው ሜጋቢት ነው፣ ስልካችን ላይ የምናየው የፋይል መጠን ሜጋባይት ነው። አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ «8 ሜጋ ገዛሁ» ያለ ሰው በሰከንድ የሚያወርደው 1 ሜጋባይት ነው። በዚህ የተነሣ ስንት ሰው ተጣልቷል።

አሁን ወደ ድምፅ ጥራት ልመለስ፤ የዛሬው ድምፅ ፎቅ ወጥቶ ከኢንተርኔቱ ጋር ተደባልቋልና። ዋትሳፕ፣ ቫይበር፣ ኢሞ፣ ቴሌግራም ሁሉም ድምፅን ቆራርጠው በእሽግ ይልካሉ። የተለመደው አሠራር 20 ሚሊ ሰከንድ ንግግር በአንድ እሽግ፣ በሰከንድ 50 እሽግ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ከ100 ኪሎቢት አያልፍም። ታዲያ 4 ሜጋ ባለው ቤት ንግግር ለምን ይቆራረጣል?

ሰልፍ ነው። ኤዲኤስኤል ከስሙ ጀምሮ ሚዛኑ የተዛባ ነው፤ ሲያወርድ ሰፊ፣ ሲልክ ጠባብ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ቤልኮር በተባለው የምርምር ተቋም የነበረው ጆሴፍ ሌክላይደር ሆነ ብሎ ያቀረበው መላ ነው። በአንድ ኬብል የታጨቁ ጥንዶች እርስ በርስ ሲጯጯሁ መላኪያውን ካጠበቡት ማውረጃው ብዙ ይሰፋል አለ። ትክክል ነበር። ሰውም በዚያን ጊዜ የሚቀበለው እንጂ የሚልከው አልነበረውም። ዛሬ የእኅቴ ልጅ አምሳ የሠርግ ፎቶ በአንድ ጊዜ ይለቅቃል። ፎቶዎቹ ሞደሙ በር ላይ ይሰለፋሉ። እናቴ ዋሽንግተን ካለው ወንድሜ ጋር የምታወራት ያቺ ትንሽ እሽግ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ከፎቶዎቹ ኋላ ትቆማለች። ተራዋ ሲደርስ ጊዜዋ አልፏል። የዘገየ ፎቶ ፎቶ ነው፤ የዘገየ ድምፅ ግን ይጣላል።

ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለዚህ መለኪያ አለው። ከአፍ እስከ ጆሮ እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ቢዘገይ ለአብዛኛው ወግ ችግር የለውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ እስከ ዋሽንግተን የሚሄደው መንገድ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሆን 75 ሚሊ ሰከንድ ነው። ገና ግማሹ ይተርፋል። ያንን የሚበላው ባሕሩ ሳይሆን ሞደሙ በር ላይ ያለው ሰልፍ ነው።

በሳተላይት የደወለ ትውልድ ይህን ያውቀዋል። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ድምፁ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ፣ መልሱ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ። ሁለቱም አብረው ይናገራሉ፤ ሁለቱም አብረው ዝም ይላሉ። «እሺ አንተ ቀጥል» «አይ አንቺ ቀጥዪ» ሲባባሉ የካርዱ ገንዘብ ያልቃል። ዛሬ ሪያድና ቤይሩት ያሉ ልጆች ይህን መላ ብለውታል፤ መደወሉን ትተው ድምፃቸውን ቀድተው ይልካሉ። የተቀዳ ድምፅ ቢሰለፍም አይጣልም።

በዚህ መሃል አንድ የረሳነው ነገር አለ፤ አዲሱ ስልክ ከአሮጌው የተሻለ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። «ኤችዲ ቮይስ» የሚባለው አሠራር በሰከንድ 16,000 ጊዜ ለክቶ እስከ 7,000 ሄርዝ ያለውን ያሳልፋል። የ«ሰ» ፉጨት ይገባል። ወንድሜ ከዋሽንግተን ሲያወራ እናቴ፣ «ይኼ እዚሁ ጓዳ ያለ ነው የሚመስለው» የምትለው ለዚህ ነው። ስለዚህ መዳቡ ይቅር፣ ፋይበር ይግባ የሚለው ሐሳብ ጥራትን በተመለከተ ልክ ነው። የማልስማማው «ስለዚህ ምንም አይቀርብንም» ሲባል ነው።

(ድምፅ፦ ማብሪያ ማጥፊያ ይጫናል። ጸጥታ። ሩቅ የውሻ ጩኸት።)

ተራኪ፦ መብራት ጠፋ። ሞደሙ ሞተ፣ ዋይፋዩ ሞተ። ሳሎን ያለው መደበኛ ስልክ ግን እጀታው ሲነሣ ያፏጫል። ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከእናቴ ቤት አይደለም፤ ከስልክ ማዕከሉ ባትሪ 48 ቮልት በዚያው ቀጭን መዳብ ይመጣለታል። ፋይበር ብርጭቆ ነው፤ ኤሌክትሪክ አይሸከምም። ፋይበር የገባለት ቤት ሳጥኑን የሚያስነሣ ባትሪ ከሌለው መብራት ሲጠፋ ስልኩም አብሮ ይጠፋል።

ይህ የኛ ብቻ ጭንቀት አይደለም። እንግሊዝ የጥንቱን የመዳብ ስልክ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ልትዘጋ ቆርጣ ነበር። ቀኑ ወደ ጥር 2027 ተገፋ። ካዘገዩት ምክንያቶች አንዱ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት የአደጋ ጊዜ ቁልፍ ነው፤ ብዙው የሚሠራው በዚያ አሮጌ መስመር ነው። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም፣ በመስመሩ ብቻ ለሚታመን ደንበኛ መብራት ቢጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚያስደርግ መፍትሔ እንዲቀርብ ይጠይቃል።

(ድምፅ፦ የስልክ እጀታ ሲነሣ፤ የመስመር ፉጨት።)

ተራኪ፦ አድማጮች፣ መደበኛ ስልክ ያላችሁ፣ ዛሬ ማታ እጀታውን አንሥታችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ተጫኑ። ፉጨቱ ይቆማል፤ ንጹሕ ጸጥታ ከሰማችሁ መስመራችሁ ጤነኛ ነው። እሽታ ከሰማችሁ ለማንም ከመደወላችሁ በፊት ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ተመልከቱ። ክረምቱ ሳይገባ።