የብረት ጎማ ያደረገ ሁሉ አሮጌ አይደለም

አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት፣ ሮክ አይላንድ ከተማ የነበረው የኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ፋብሪካ በአውሮፓውያኑ 1939 ሁለት ቀያይ ትራክተሮችን ማውጣት ጀመረ። አንዱ ፋርሞል ኤች፣ ታላቅ ወንድሙ ፋርሞል ኤም ነው። ኤች ብቻውን እስከ 1953 ከ390 ሺህ በላይ ተመርቷል። ሁለቱም የተሠሩት በመስመር ለተዘራ በቆሎና ጥጥ ነው። ሆዳቸው ከፍ ያለ ነው፤ የፊት ጎማዎቻቸው ተጠጋግተው በሁለት መስመር መሃል ያልፋሉ፤ የኋላዎቹ እንደ መስመሩ ስፋት ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ። ኩትኳቶ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይረዳዋል።

መልካቸውን ያሳመረው ዝነኛው ዲዛይነር ሬይመንድ ሎዊ ነው። ጣጣውም ከዚሁ ይጀምራል። ኮፈኑ ላይ የተለጠፈውን ፊደል አይቶ «ይሄ ኤም ነው» የሚል ገዢ ዛሬም ሞልቷል። ፊደል ይላጣል፣ አዲስ ይለጠፋል፤ ቀለምም በአንድ ቅዳሜ ይቀየራል። የመኪናን ዓይነት በቀለሙ ለይቶ የማይገዛ ሰው ትራክተር ላይ ሲደርስ ለምን ዓይኑን እንደሚጨፍን ግራ ነው።

መታየት ያለበት በፍሪሲዮኑ ቤት ጎን ላይ ያለችው የቁጥር ሰሌዳ ናት። ከቁጥሩ ፊት ኤፍቢኤች ካለ ኤች ነው፤ ኤፍቢኬ ካለ ኤም። ቪ ከተጨመረበት እንደ ሸንኮራ አገዳ ላለ ረጅም ሰብል የተሠራ ባለ ረጅም እግር ነው። ሰሌዳው ላይ ቪ ሳይኖር ትራክተሩ ቁመቱ ከመጠን ካለፈ ግን እግሩን ያገኘው ከፋብሪካ ወጥቶ ነው። የፊት እግሩ መስፋትና መጥበብ ምንም አይመሰክርም፤ በብሎን የሚፈታ ነገር ነው። ሞተሩ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የሞተሩ የራሱ ነው፤ ከሰሌዳው ጋር አልገጠመም ብሎ ሻጩን ሌባ ማለት አይገባም።

ከስህተቶች ሁሉ ሥር የሰደደው ግን የብረት ጎማው ነው። ጥርስ ያለው የብረት ጎማ የታየበት ትራክተር ሁሉ «የጥንት ነው» ይባልና ዋጋው ይሰቀላል። እርግጥ ነው፣ በ1920ዎቹ ትራክተር የሚሄደው በብረት ነበር፤ በ1930ዎቹ በአየር የሚነፋው ጎማ ገባና ብረቱን እየተካ ሄደ። ኤች እና ኤም ሲመጡ ጎማ የተለመደ ነገር ሆኖ ነበር፤ ብረት የሚመርጠው ዋጋ የከበደው ገበሬ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1942 መጀመሪያ ወራት ጃፓን የዓለም የጎማ ዛፍ የሚበዛበትን ማላያንና የደች ምሥራቅ ኢንዲስን ያዘች። አሜሪካ ያላትን ጎማ ለሠራዊቷ ቆጠበች፤ አዳዲስ ትራክተሮችም እንደገና በብረት ጎማ መውጣት ጀመሩ። ሞተሪኖም መብራትም የሌላቸው፣ በማኖቬላ የሚነሱ በርካታ ነበሩ። ስለዚህ በብረት ጎማ የቆመ ኤም በ1940 ተሠርቶ ጎማ ካደረገ ወንድሙ በዕድሜ ሊያንስ ይችላል። የጎማ ችግር ሲቀል ገበሬው ቸርኬ ቀይሮ ጎማ አስገባ፤ ሌላው ደግሞ የብረቱን ጠርዝ ቆርጦ ቸርኬ በየደበት። የዛሬው ሰብሳቢ በተራው «ጥንታዊ ይምሰል» እያለ ብረት ይፈልግለታል!

ይህን ሁሉ መለዋወጥ ያላወቀች አንዲት ክፍል አለች፤ እሷም ካምቢዮው ናት። ሁለቱም ትራክተሮች አምስት የፊት ማርሽ አላቸው፤ አምስተኛው የመንገድ ማርሽ ሲሆን በጎማ በሰዓት ወደ 26 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በዚህ ፍጥነት በብረት ጥርስ ጥርጊያ መንገድ ላይ የሚጋልብ ሰው ትራክተሩም ወገቡም አይተርፉለትም። ስለዚህ ፋብሪካው በብረት ጎማ በሚወጡት ላይ አምስተኛው ማርሽ እንዳይገባ ይዘጋው ነበር። ጥሩ ጎማ አድርጎ፣ አምስተኛ ማርሽ አልገባ ያለ ኤች ሲገኝ መካኒኩ ጥርሱ ተበልቷል ብሎ ካምቢዮውን ለማውረድ ይነሳል። ቀስ! መጀመሪያ መዘጋቱን ይመልከት፤ ተዘግቶ ከተገኘ ትራክተሩ ከፋብሪካ የወጣው በብረት ለመሆኑ ከኮፈኑ ፊደል የበለጠ ማስረጃ ነው።

የኤም የናፍጣ ወንድም የሆነው ኤምዲም ችላ ይባላል። ሞተሩ በቤንዚን ይነሳል፣ ጥቂት ይሞቃል፣ ከዚያ አሽከርካሪው ወደ ናፍጣ ያዞረዋል፤ ስለዚህ ናፍጣ ሞተር ላይ የቤንዚን ካርቡራተር ያየ ሰው የተደባለቀ ዕቃ ነው ብሎ እንዳይፈርድ። ለደጋ አገር ደግሞ 5,000 እና 8,000 ጫማ ከፍታን የሚችሉ ፒስተኖች ይቀርቡ ነበር፤ የሳሳውን አየር አብልጠው እንዲያምቁ የተሠሩ ናቸው። 8,000 ጫማ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። እነዚህን ፒስተኖች ከውጭ ማየት አይቻልም፤ ሞተሩ ሲፈታ ብቻ ነው የሚታዩት።

በ1952 የመጣውን ሱፐር ኤም ከኤም ለመለየት ፍሬኑ ዘንድ መሄድ ይቀላል፤ ኤም ባለ ሸራ ፍሬን ሲሆን ሱፐሩ ዲስክ ነው። ከዚያ በኋላ የብረት ቀረጻዎቹን መዞር ነው። ኢንተርናሽናል በትልልቆቹ ክፍሎች ላይ የተቀረጹበትን ወርና ቀን በቁጥር፣ ዓመቱን በፊደል ያትም ነበር። የካምቢዮው፣ የፍሪሲዮኑ ቤትና የሞተሩ ቀኖች በሳምንታት ቢለያዩ ጤና ነው፤ አንዱ ከሌላው በዓመታት ከራቀ ግን ትራክተሩ ከሁለት ሬሳ የተሠራ ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ይውረድ።