ያላዩትን ሰንጋ በስልክ መግዛት
የቦንጋ በግ የደረሰበት፣ የካፋ በሬ ግን ገና ያልደረሰበት ገበያ

ከቦንጋ ከተማ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ በጅማ በኩል 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከካፋ ዞን ገጠር የተገዛ አንድ ሰንጋ ይህን መንገድ ጨርሶ እስኪታረድ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስትና አራት እጅ ይለዋወጣል። ከገበሬው የሚገዛ ሰብሳቢ አለ፤ ከሰብሳቢው የሚረከብ ትልቅ ነጋዴ አለ፤ በሁለቱ መካከል ደላላ አለ፤ ሰንጋው አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ በካራ አሎ፣ በጉለሌ ወይም በቄራ ሌላ ደላላ ይጠብቀዋል። እያንዳንዱ እጅ የራሱን ድርሻ ያነሳል።

የሰንጋው ፎቶግራፍ ግን ለዚያው መንገድ ደቂቃ አይፈጅበትም። የሞባይል ስልክ ከተስፋፋ ወዲህ በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ የቁም እንስሳት የሚያስተዋውቁ ገጾች ተበራክተዋል፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ይብሳል። ክፍያውም ቢሆን ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኤምፔሳ ከስልክ ወደ ስልክ መተላለፍ ችሏል። ታዲያ ምስሉም ገንዘቡም በደቂቃ ከደረሱ ሰንጋው ለምን እንደ ድሮው በአራት እጅ ይመጣል?

ነጋዴው መልሱን ያውቀዋል። ማንም ሰው ያልዳሰሰውን በሬ በሙሉ ዋጋ አይገዛም።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። እንበል፣ አንድ የሉካንዳ ባለቤት በስልኩ ያየውን ሰንጋ «330 ኪሎ ነው» ተብሎ በኪሎ 350 ብር ሒሳብ ገዛው (ዋጋው ለምሳሌ ያህል የተወሰደ ነው)። ሰንጋው ሚዛን ላይ ሲወጣ 300 ኪሎ ቢሆን ገዢው 10,500 ብር በባዶ ከፍሏል። የአገራችን በሬ ሲታረድ ሥጋው ከቁም ክብደቱ ግማሽ ገደማ በመሆኑ ከሰቀላው ላይ 15 ኪሎ ያህል ሥጋ ጎደለበት ማለት ነው። በዚህ ላይ የመንገድ ክሳት አለ። ረጅም መንገድ በመኪና የተጓዘ ከብት ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 እጅ ሊቀንስ ይችላል። ከሚቀንሰው ብዙው ውሃና የሆድ ዕቃ ቢሆንም፣ በቁም ክብደት ለተዋዋሉ ሁለት ሰዎች የክርክር መነሻ ለመሆን ይበቃል። ሚዛኑ የት ይቁም? ቦንጋ ላይ ወይስ አዲስ አበባ? ይህን አስቀድሞ የሚጽፍ ማስታወቂያ ብዙም አያጋጥምም።

የኢኮኖሚ ትምህርት ይህን ችግር በስሙ ያውቀዋል። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ በሚያወሳው ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካቃተው የሚያቀርበው ዋጋ መካከለኛ ይሆናል። በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው አይሸጥም፤ ገበያው ላይ የሚቀረው መጥፎው ነው። ለዚህና ለተከታይ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤልን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ተካፍሏል። መኪናውን በበሬ ቢተኩት ነገሩ አይለወጥም። እውነተኛ ድልብ ያለው ገበሬ በፎቶግራፍ ሲደራደሩት ዋጋው ስለማይጥመው ገበያ ይዞት ይወጣል። ገጹ ላይ የሚሰነብተው በአካል ቢታይ የማይሸጠው ነው።

ቡናው ያለፈበት፣ በሬው ያላለፈበት በር

የቁም እንስሳትን ገበያ ከመረጃ ጋር ለማገናኘት የተደረገው ሙከራ አዲስ አይደለም። ከ20 ዓመት በፊት ገደማ በአሜሪካው የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ አማካይነት በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ የተዘረጋው ሊንክስ የተባለው ሥርዓት፣ የየገበያውን ዋጋ እየሰበሰበ በኢንተርኔትና በአጭር የስልክ መልእክት ያደርስ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ዋጋ ማወቅ ግን የችግሩ ግማሽ ነው። በአንድ ገበያ ላይ ያለ «አንደኛ ደረጃ በሬ» በሌላው ገበያ ሁለተኛ ሊባል ይችላል፤ የስልክ መልእክቱ ዋጋውን ይናገራል እንጂ በሬውን አያሳይም።

ካፋ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ አለው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ቡና መቀበያ መጋዘን ካቋቋመባቸው ከተሞች አንዷ ቦንጋ ናት። እዚያ የገባ ቡና ናሙናው ተወስዶ፣ ፍሬው ተቆጥሮ፣ ተቆልቶና ተቀምሶ ደረጃ ይሰጠዋል። አዲስ አበባ የተቀመጠው ገዢ ጆንያውን ሳይከፍት የሚገዛው ቀማሹን አምኖ ነው። ቡና በናሙና ይወከላል፤ ከአንድ ጭነት የተወሰደ እፍኝ ስለ ጭነቱ ሁሉ ይናገራል። በሬ ግን ናሙና የለውም። እያንዳንዱ የራሱ ጥርስ፣ የራሱ ሻኛ፣ የራሱ በሽታ አለው። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚሸጥ ከብት ሁሉ በየግሉ «ቀማሽ» ያስፈልገዋል።

ይህን ቀድመው ከተገነዘቡት አገሮች አንዷ አውስትራሊያ ናት። በእርሻና በእርሻ መካከል ያለው ርቀት ረጅም በሆነባት በዚያች አገር የከብት ሽያጭ በኮምፒዩተር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ ኋላም አክሽንስፕላስ በሚል ስም የታወቀ ገበያ ሆነ። ከብቱ ከባለቤቱ ግጦሽ ሳይነቃነቅ ጨረታ ይወጣበታል። ገዢው የሚያየው ፈቃድ ያለው ገምጋሚ ሄዶ የጻፈውን መግለጫ ነው፤ ክብደት፣ ዕድሜ፣ የስብ መጠን፣ ዝርያ፣ ጠባይ ጭምር። ገምጋሚው ከተሳሳተ ተጠያቂ አለ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1987 የተቋቋመው ሱፒሪየር የከብት ጨረታ የቪዲዮ ምስል በሳተላይት እያሰራጨ ያጫርት ነበር። ኢንተርኔት ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት መሆኑ ልብ ይሏል። መሣሪያው ከሳተላይት ወደ ስልክ ተለወጠ፤ የገምጋሚው ቦታ ግን አልተለወጠም።

በባንግላዴሽም በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለአረፋ በዓል ዲጂታል ሃት የተባለ የመሥዋዕት ከብት ገበያ በኢንተርኔት ተከፍቶ ነበር። ሰው እንዳይሰበሰብ ታስቦ የተፈጠረ የችግር ጊዜ ገበያ ነው።

የቦንጋ በግ መዝገብ

ወደ ካፋ ስንመለስ፣ ይህ ሁሉ የተሟላለት እንስሳ እዚያው ይገኛል፤ የቀንድ ከብት ግን አይደለም። ሰፊና ረጅም ላት ያለው፣ ብዙውን ጊዜ ቀንድ የሌለው የቦንጋ በግ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኢካርዳ የተባለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና የቪየናው የቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገር ውስጥ የምርምር ማዕከላት ጋር በመሆን በአፋር፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ የማኅበረሰብ የበግ ማሻሻያ ሥራ ጀመሩ። በካፋ የሥራው ቦታ የአዲዮ ወረዳ ሲሆን የቅርብ ክትትሉን የያዘው የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ግልገል ሲወለድ ይመዘገባል፤ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ በስድስት ወር ገደማ ይመዘናል። ከዚያ አርቢዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው፣ የመዝገቡን ውጤት በእጃቸው ይዘውና በጉን በዓይናቸው አይተው፣ ለአውራነት የሚቀረውን ይመርጣሉ። ያልተመረጠው ተቀጥቅጦ ይሰባና ለሥጋ ይሸጣል። የስድስት ወር ክብደት በዓመታት ውስጥ መጨመሩን የታተሙ ጥናቶች አመልክተዋል። አርቢዎቹም በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው የተመረጡ አውራ በጎችን ለሌሎች አካባቢዎችና ለልማት ፕሮጀክቶች ይሸጣሉ።

ለነጋዴ የሚጠቅመው ቁም ነገር መዝገቡ ነው። የመዝገብ ቁጥር ያለው አውራ በግ አባቱ፣ የልደት ቀኑና ክብደቱ ስለሚታወቅ ገዢው ደብረ ብርሃንም ይሁን አርባ ምንጭ ሳያየው ዋጋ ሊሰጥበት ይችላል። ማኅበሩ የሰጠው ቃል ሐሰት ቢሆን ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ገበያ ያጣል። ገጹን ማንም ወጣት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይከፍተዋል። መዝገቡ ግን ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ ሥራ ነው።

የካፋ በሬ ይህ የለውም። ገበሬው በሬውን የሚይዘው ለእርሻ፣ ላሟን ለወተትና ለእንሰቱ ማዳበሪያ ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ገንዘብ ሲቸግረው ነው። በቡና ለቀማ ወራት እጁ ላይ ገንዘብ ያለው ገበሬ ከብቱን ለመሸጥ አይቸኩልም። ስለዚህ ከብቱ በብዛትና በየጊዜው ተመሳሳይ ሆኖ አይወጣም። በቆላው በኩል፣ በተለይ በጎጀብና በኦሞ ተፋሰስ፣ የገንዲ በሽታ አለ። ገንዲ የጀማመረው ከብት በፎቶግራፍ ላይ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ስለሚችል፣ የቦታ ስም ያልተጻፈበት ማስታወቂያ ለደገኛ ገዢ አደገኛ ነው።

በሜትርና በጥርስ

ታዲያ ሚዛን በሌለበት ምን ይደረግ? የልብስ ሰፊ ሜትር ብዙ ይሠራል። ከፊት እግሮቹ ጀርባ፣ ከሻኛው በስተኋላ ያለውን የደረት ዙሪያ በሴንቲ ሜትር መለካት፤ ከትከሻ ጫፍ እስከ መቀመጫ አጥንት ያለውን ርዝመት መለካት፤ ከዚያ ዙሪያውን በራሱ አባዝቶ፣ በርዝመቱ አባዝቶ፣ ለ10,838 ማካፈል ነው። ዙሪያው 160፣ ርዝመቱ 130 የሆነ በሬ 307 ኪሎ ገደማ ይወጣል። ቀመሩ የተሠራው ለፈረንጅ ከብት በመሆኑ ለእኛ ባለሻኛ በሬ ግምት ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሁለት ሰዎች ተራርቀው አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲያወሩ ያደርጋል። የጥርስ ፎቶግራፍ ደግሞ ዕድሜን ይናገራል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቋሚ ጥርሶች በ2 ዓመት ገደማ ይበቅላሉ፤ አፉ የሚሞላው በ4 እና በ5 ዓመት መካከል ነው፤ በእኛ ዝርያዎች ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። ምስሉ በደልዳላ መሬት ላይ በጎን የተነሣ፣ ቀኑ የተጻፈበት፣ ሰው አጠገቡ የቆመበት መሆን አለበት። በዳገት ላይ የቆመ በሬ ሁልጊዜ ትልቅ ነው! አጭር ቪዲዮም ሲራመድ ካላሳየ ማንከሱን ይደብቃል።

ገጽ አስተዳዳሪዎች በጣም የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው። የተሸጠን ሰንጋ አያነሱትም። ደውሎ «ተሸጧል» የተባለ ገዢ ሁለት ጊዜ ይታገሣል፤ ሦስተኛ አይደውልም። አንዱን ሰንጋ አራት ደላሎች በአራት ዋጋ ሲለጥፉት ደግሞ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይጠፋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቀብድ የሚልክ ሰው የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል የተባለው ይደርስበታል።

ሕጉን በተመለከተ፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ውል በዚያ ምክንያት ብቻ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ስለዚህ በስልክ የተጻፈው «330 ኪሎ» የሚለው ቃል ማስረጃ ነው፤ መልእክቱን ማጥፋት አይገባም። የቁም እንስሳት ግብይትም የራሱ አዋጅ ቁጥር 819/2006 አለው፤ ገጽ መክፈት የንግድ ፈቃድን አይተካም። ከብቱ ሲንቀሳቀስ የእንስሳት ጤና ሕግ ስለሚመለከተው የጤና ማረጋገጫውን ማን እንደሚያወጣ ከክፍያ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል። በመንገድ ላይ የሞተ ከብት የማን ነው የሚለውም እንዲሁ፤ በርክክብ ጊዜ ከሆነ በግልጽ ይጻፍ።

ደላላው ከዚህ ገበያ ይወጣል የሚሉ አሉ። የአውስትራሊያው ልምድ ይህን አያሳይም። እዚያ ገምጋሚ የሆነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድሮም የከብት ወኪል የነበረው ነው። ቦንጋ ላይ ያለ ደላላ ጥርስ ቆጥሮ፣ ሻኛ ዳብሶ፣ የበሬውን አገር ከቆዳው ያውቃል፤ ይህ ዕውቀት ስልክ ውስጥ የለም። የሚለወጠው የሚከፈልበት ምክንያት ነው። እስካሁን የሚከፈለው ሻጭና ገዢን በማገናኘቱ ነበር፤ ያንን ስልኩ በነፃ ይሠራዋል። በጽሑፍ ለሰጠው መግለጫ ኃላፊነት ወስዶ፣ ሲሳሳት ከኮሚሽኑ የሚመልስ ደላላ ግን አዲስ ዕቃ ይዞ ገበያ ገባ ማለት ነው።

ገንዘብ ለማውጣት የሚያስብ ባለሀብትም መጀመሪያ ቦንጋ ላይ የሚገዛው ኮምፒዩተር መሆን የለበትም። የከብት ሚዛን፣ የጆሮ ቁጥርና የሚመዘግብ ሰው ይቀድማሉ። ከሥጋ ከብትም ይልቅ ከዘር እንስሳ ቢጀምር ይሻለዋል። ለሥጋ የሚሸጥ ሰንጋ ገጽ በሁዳዴ 55 ቀን ጾም ውስጥ ይደርቃል፤ በፋሲካ ዋዜማ እንደገና ሲነሣ የድሮዎቹ ተከታታዮች ተበትነው ነው። ለአውራነት የተመዘገበን የቦንጋ በግ የሚፈልግ አርቢ ግን በጾምም በፍስክም ይገዛል፤ የሚጠይቀውም የአባቱን ቁጥርና የስድስት ወር ክብደቱን ነው።