ወፍራሙ ድምፅ ቦታ ይፈልጋል

በወላይታ ሶዶ ሠርግ ባለበት ሰፈር በኩል ያለፈ ሰው ዘፋኙን ከመለየቱ በፊት የቆርቆሮው አጥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ሞንታርቦው ደጅ ተገትሮ፣ የባሱ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ፣ ከግጥሙም ከዜማውም ቀድሞ የሚደርሰው አንድ ደብዛዛ ጉምጉምታ ነው። «የዘመኑ ሙዚቃ ባስ በዛበት» የሚሉ ሰዎች ታዲያ አይፈረድባቸውም። ምርመራቸው ግን የተሳሳተ ይመስለኛል። በዚያ ድንኳን የበዛው ጩኸት ነው፤ ባሱ እንዲያውም ጠፍቷል። ጊታሩ፣ የኪቦርዱ ግራ እጅ፣ ከበሮውና የድራም ማሽኑ አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ስለተጋፉ የትኛው ምን እንደሚል አይለይም። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ የበሰለ አቀናባሪ ወፍራሙን ድምፅ የሚያገኘው ሌሎቹን ከቦታው በማንሳት ነው። ይህ አሠራር ደግሞ ለወላይታ ዘፈን ከብዙዎቹ የሀገራችን ስልቶች ይልቅ ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ከድምፅ ተፈጥሮ ይጀምራል። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ ባስ የምንለው ከታችኛው ጫፍ እስከ 250 አካባቢ ያለውን ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ አንዱ ሞገድ ብቻ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። እንዲህ ያለ ሞገድ በአንዲት ጠባብ ክፍል ስቱዲዮ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ አንዱ ጥግ ላይ ይከመራል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል። አቀናባሪው «ባሱ አነሰ» ብሎ የሚጨምረው በተቀመጠበት ቦታ ስላነሰ ነው፤ ወንበሩን አንድ ሜትር ቢስብ ፍርዱ ይለወጥ ነበር። ጆሮም ቢሆን ቀጥተኛ ሚዛን አይደለም። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን መንሰን የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ወፍራም ድምፅ ከመካከለኛው ጋር እኩል እንዲሰማን እጅግ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ልዩነቱ የሚጠበው ድምፁ በጠቅላላው ከፍ ሲል ነው። የሠርግ ቤቱ ሰው ቁልፉን እየጨመረ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ከፍ ባደረገ ቁጥር ባሱ የመጣለት ይመስለዋል፤ አብሮ የመጣውን ግርግር ልብ አይለውም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። አድማጩ ዘፈኑን የሚሰማው በስልኩና በባጃጅ ስፒከር ከሆነ፣ ስለ ባስ መጨነቁ ምን ዋጋ አለው? እውነት ነው፣ የስልክ ስፒከር ከ300 በታች ያለውን ድምፅ እምብዛም አያወጣም። ዳሩ ግን 55 ላይ ያለ የባስ ድምፅ ብቻውን አይመጣም፤ በላዩ 110፣ 165፣ 220፣ 275፣ 330፣ 385 እያሉ የሚወጡ ተከታዮች አሉት። የታችኞቹ ቢቆረጡ እንኳ በቀሪዎቹ መካከል ያለው ርቀት 55 መሆኑን አንጎል ይደርስበትና የሌለውን ድምፅ ከራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ብልህ አቀናባሪ ከማሽን የወጣውን ንጹሕ ባስ እንዳለ አይተወውም፤ ተከታዮቹ እንዲበዙለት ሆን ብሎ ያሻክረዋል። ሳቹሬሽን የሚሉት ይህንን ነው። የተሻከረው ባስ በትልቅ ስፒከር ደረት ይመታል፣ በስልክም ቢሆን ዜማው አይጠፋም።

ብልሃቱ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው በገናን ጠጋ ብሎ ይመልከት። አሥሩ ጅማቶች ከታች በርኩማው ላይ ያርፋሉ። በጅማቱና በበርኩማው መካከል ደግሞ እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። ደርዳሪው ቆዳዋን በጣቱ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያደረገ ቦታዋን ይፈልግላታል። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ጅማቱ በተርገበገበ ቁጥር ቆዳዋን እየነካ ይለቃታል፤ ያን ጊዜ ደረቅና ደካማ የነበረው ወፍራም ድምፅ መንዘር ይጀምራል። በገና ወፍራም ሆኖ ሳለ በጸጥታ ክፍል ውስጥ ጥርት ብሎ የሚሰማው በዚህ ንዝረት ነው። የዛሬው አቀናባሪ በስክሪኑ ላይ የሚያዞረው ቁልፍና ደርዳሪው የሚያንቀሳቅሳት ቆዳ አንድ ሥራ ይሠራሉ። የድምፅ ንድፍ የሚባለው ሙያ ለዚህ ሀገር እንግዳ ነው የሚሉትን በገና ብቻውን ይረታቸዋል።

ባስ ግን የጆሮ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኦርፊክስ የተባለ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጥንድ ባቀረበው ኮንሰርት ላይ ጆሮ እምብዛም የማይለየው፣ በሰከንድ ከ8 እስከ 37 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የሚያወጡ ስፒከሮችን በየጥቂት ደቂቃው እያበሩና እያጠፉ የጨፋሪዎቹን እንቅስቃሴ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ስፒከሮቹ ሲበሩ ሰዎቹ ወደ 12 በመቶ ገደማ በበለጠ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ድምፁ መኖሩን ግን አላወቁም። እስክስታ ትከሻ ላይ ነው፤ የወላይታ ጭፈራ ወገብ ላይ። ጥናቱ ስለ ወገብ የተናገረው ነገር የለም፤ ይህን የምጨምረው እኔ ነኝ። የሰውነትን ማዕከል ለሚያንቀሳቅስ ጭፈራ ከታች የሚገፋ ድምፅ እንደሚያስፈልገው ለማመን ግን ላቦራቶሪ የሚያሻ አይመስለኝም፤ ከበሮ ያለበትንና ጭብጨባ ብቻ ያለበትን ጭፈራ አስተያይቶ ማየት ይበቃል።

አንድ ነገር አዋቂ የሆነ የወላይታ ኪቦርድ ተጫዋች እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል። የወላይታ ዘፈን ፈጣን ነው፤ ረጅምና ወፍራም ባስ ከገባበት እግሩን ይተበትበዋል ይለኛል። ክርክሩ ቁም ነገር አለው። በደቂቃ 130 ምት የሚሄድ ዘፈን ብንወስድ አንዱ ምት ከግማሽ ሰከንድ ያንሳል። 45 ላይ ያለ ባስ በዚያ ጊዜ የሚርገበገበው ወደ 21 ጊዜ ብቻ ነው፤ ምቱ ለሁለት ሲከፈል ደግሞ ወደ 10 ይወርዳል። ጆሮ ድምፁን በወጉ ሳይይዘው ሌላው ይደርስበታል፤ ጉምጉምታው የሚወለደው እዚህ ነው። መፍትሔው ባሱን መተው ሳይሆን ፍጥነቱን ከከበሮው መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእንግሊዝ ከተሞች የተነሣው ጃንግል የተባለ ሙዚቃ ከበሮው በደቂቃ 160 እና ከዚያ በላይ እየጋለበ ባሱ በግማሽ ፍጥነት ይራመድ ነበር። ጨፋሪው የፈለገውን ይከተላል፤ እግሩ አንዱን፣ ወገቡ ሌላውን ሊይዝ ይችላል። ለወላይታ ዘፈንም ከበሮውና ጊታሩ በራሳቸው ፍጥነት ይሂዱ፤ ከጊታሩ ከ150 በታች ያለው ይቆረጥ፤ ባሱ በየሁለት ምቱ አንዴ ይግባና ቶሎ ይውጣ። ጊታሩ በመቆረጡ የሚያጣው ነገር የለም፤ የሚያምረው ላይኛው ጫፉ ነውና።

ከባሱ ቀጥሎ ድባብ አለ፤ ይኸኛው ለመግለጽ ይከብዳል። ድባብ ማለት ድምፁ የት ቦታ እንዳለ ለአድማጩ የሚነግረው ነገር ነው፤ ቅርብ ወይስ ሩቅ፣ ሜዳ ላይ ወይስ አዳራሽ ውስጥ። የዚህን ጥበብ ዋና በር የከፈተው በጃማይካዋ ኪንግስተን ከተማ ሬዲዮና ማጉያ እየጠገነ የኖረው ኪንግ ተቢ፣ በእውነተኛ ስሙ ኦስቦርን ሩዶክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተጠናቀቁ የሬጌ ዘፈኖችን ወስዶ ዘፋኙን አስወጣ፣ ጊታሩን አጠፋ፣ ባስና ከበሮ ብቻ አስቀረ፤ አልፎ አልፎ ከዘፋኙ አንዲት ቃል ብቅ ብላ በማሚቶ ትርቃለች። ደብ የተባለው ይህ ነው። የዚያች ደሴት ልጆች ከሶዶ በሐላባ በኩል በሚኬድባት ሻሸመኔ ለአሥርተ ዓመታት መኖራቸውን ሳስብ፣ ደብ ከወላይታ ከበሮ ጋር በወጉ አለመገናኘቱ ይገርመኛል።

ከአማርኛ ዘፈን ጋር ግን ተገናኝቷል። ራሱ ባስ ተጫዋች የሆነው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል የእጅጋየሁ ሽባባውን «ጂጂ» የተሰኘ አልበም ካቀናበረ በኋላ (አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው)፣ እዚያው አልበም ላይ ተመልሶ በ2003 «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» የተባለ ሌላ ሥራ አወጣ። በመጀመሪያው እጅጋየሁ ፊት ለፊት ቆማ ትዘፍናለች። በሁለተኛው ድምጿ ከሩቅ መጥቶ ይሄዳል፤ መካከሉን የሚሞላው ባሱና የማሚቶው ጅራት ነው። «የኛ ዘፈን ግጥም ነው፤ ግጥሙ ከጠፋ ምን ቀረ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ግማሹን እቀበላለሁ። ሰምና ወርቅ ለሚፈልግ አድማጭ ሁለተኛው አልበም የመጀመሪያውን አይተካም። ግን ሊተካው አልተሠራም። ጃማይካውያን ዘፈኑን በሸክላው አንድ ገጽ፣ ደቡን በሌላው ያትሙ የነበረው ሁለቱ ለሁለት ጊዜ ስለሚሆኑ ነው። አውራጅና ተቀባይ ባለው ዘፈን ላይ ደግሞ ችግሩ ይቀላል። ተቀባዮቹ የሚመልሱት አጭርና ተደጋጋሚ ሐረግ ነው፤ በማሚቶ ቢበተንም አድማጩ አስቀድሞ ስለሚያውቀው አይጠፋበትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን መንገድ የያዙ አሉ። እንደገና ሙሉ፣ ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚለው ስሙ፣ «ቀን ሰባት»ን እ.ኤ.አ. በ2014 አወጣ። ሚካኤል ሰይፉ በዚያው ዓመት «ያራዳ ልጅ»ን፣ በ2016 ደግሞ «ዘላለም»ን አስከተለ። ሁለቱም ሥራቸውን «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ይጠሩታል። የባህል መሣሪያ ድምፅ ቆርጠው ይወስዱና በወፍራም ባስና በተሰባበረ ምት መካከል ያስቀምጡታል። ከነሱ በፊት ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርዶችና በድራም ማሽን ብቻውን የሠራው «ሸሞንሟናዬ» አለ፤ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ያወቀው ያ ካሴት የሚደንቀኝ ውስጡ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ሮፍናን ኑሪ እ.ኤ.አ. በ2018 «ነፀብራቅ»ን ይዞ ሲመጣ ብዙ ሕዝብ ያስከተለው በሌላ ስልት ነው፤ ለመድረክ የሚሆን፣ ሙሉና ደማቅ ድምፅ። እኔ ወደ ኃይሉና ወደ ሚካኤል አደላለሁ። በነዚህ ሥራዎች የሚበዛው የደጋው ክራር፣ መሲንቆና ቅኝት መሆኑን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ደቡቡ ገና ብዙም አልተነካም።

«ማሽን ባህሉን ይበርዘዋል» የሚለውን ስጋት አላቃልልም፤ የሚያነጣጥርበት ቦታ ግን ልክ አይደለም። የደቡብ ሕዝቦች ድምፅን ለብዙ ሰው አከፋፍሎ መገንባትን ከማንም አልተማሩም። በደራሼ የፊላ ጭፈራ እያንዳንዱ ሰው በቀርከሃው አንድ ድምፅ ብቻ እየነፋ ዜማው ከብዙዎቹ መካከል ይወለዳል፤ የኢትዮ ጃዙ ሙላቱ አስታጥቄ ስለ ደራሼዎች ደጋግሞ የሚያወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮምፒዩተር ላይ ድምፅን እየቆራረጡ መደርደር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚበርዘው ያ የተዘጋጀ የኪቦርድ ምት ነው፤ ከፋብሪካው እንደመጣ ተጭኖ የወላይታውንም፣ የጉራጌውንም፣ የኦሮሞውንም ዘፈን አንድ ዓይነት ያደርገዋል።

ስለዚህ ሥራው ከስቱዲዮ ውጭ መጀመር አለበት። በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ ሰሞን፣ ከዳሞታ ተራራ ሥር «ዮዮ ጊፋታ» ሲባል አንድ ማይክ ከአውራጁ አጠገብ፣ ሌላው ተቀባዮቹን ሁሉ በሚያይበት ርቀት ቢቆም፣ ያ ርቀት ራሱ ድባብ ነው፤ ከኮምፒዩተር የሚጫን ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ ማስተጋባት) አያስፈልገውም። የሩቁ ማይክ የእግሩን ምት ከመሬቱ ጋር ይይዛል፤ ባሱ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። እዚህ ግን መብት አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲን ብቻ ሳይሆን ከዋኝንም ይጠብቃል፤ በጋራ የሚዘፈን ዜማ አንድ ደራሲ ባይገኝለትም የዘፈኑት ሰዎች ግን ስም አላቸው። ማይኩ ከመከፈቱ በፊት ድምፁ ተቆርጦ ለምን እንደሚውል በወላይትኛ ተነግሯቸው፣ ድርሻቸው በወረቀት ሰፍሮ፣ ሲታተምም ከአውራጁ ስም ቀጥሎ በተቀባይነት የቆሙት ሁሉ አንድ በአንድ ሊጻፉ ይገባል።