አምስት ሕፃን፣ አንድ የልብስ ገመድ፦ ይርጋጨፌ ላይ በቤቷ ልጅ የምትይዝ ሴት የሽንት ጨርቁን እንዴት ትወጣው?

ጥቅምት ሲገባ ይርጋጨፌና ዙሪያዋ ላይ ቀይ ቡና መድረስ ይጀምራል። ዝናቡ ግን ገና ጠቅልሎ አልወጣም። ሴቶቹ በጠዋት ተነስተው ግማሹ ለለቀማ ይወጣሉ፣ ግማሹ ደግሞ ማጠቢያ ሳይቶች ውስጥ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲያገላብጡና ሲለቅሙ ይውላሉ። ከእነሱ ውስጥ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት ጥቂት አይደለችም። ልጁስ የት ይዋል? አንዷ አዝላው ትሄዳለች። ሌላዋ ለእናቷ ወይም ለትልቋ ልጇ ትተወዋለች። ቀሪዋ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ልጅ ለምትይዝ ሴት በቀን ሂሳብ ሰጥታ ትወጣለች።

ዛሬ የምናወራው ስለዚህች ልጅ ያዥ ነው። በሯ ላይ ታፔላ የለም፣ ሰውም "ሕፃናት ማቆያ" ብሎ አይጠራትም። "እሷ ጋ ተይው" ነው የምትባለው። ዓለም ሙሉ ስሙን የሚያውቀው ቡና ግን በከፊል የቆመው እሷ ላይ ነው። እሷ አንድ ቀን በቃኝ ብትል ወይ ልጆቹ ታመው ቢበተኑ፣ በለቀማ ሰሞን አምስት እናቶች የቀን ገቢያቸው ቀረ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነገር የሚበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሽንት ጨርቅ ተነስቶ ነው። ጨርቁ ይሸታል፣ ልጁ ይላላጣል፣ አንዱ ተቅማጥ ሲይዘው ሁሉም ይይዛቸዋል። ከዚያ ወቀሳው እሷ ላይ ይወድቃል።

"ለምን ዳይፐር አያደርጉም?" የምትሉ አትጠፉም። ፓምፐርስ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። እኛም አገር ኦንቴክስ የተባለው የቤልጂየም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የዳይፐር ፋብሪካ ከፍቶ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ባዕድ አይደለም፣ ሱቅ ሄደው በፍሬ መግዛትም ይቻላል። ግን በቀን አራት ፍሬ ገዝቶ፣ በቀን ሂሳብ ልጅ አስይዞ፣ ከተረፈው ደግሞ ቤት ማስተዳደር ለቀን ሠራተኛ እናት አያዋጣም። ሌላም ጣጣ አለው። ዳይፐሩ ውስጥ ያለው ጄል ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ጉድጓድ ሽንት ቤት ውስጥ ከተጣለ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላዋል፣ ማስመጠጡንም ያከብደዋል። ቆሻሻ በየቀኑ የሚሰበስብ መኪና በሌለበት ሰፈር መጨረሻው ወይ ቦይ ነው ወይ ወንዝ። እንግዲህ ጨርቁ ይቀጥላል ማለት ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። አምስት ሕፃን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይውላሉ እንበል። በየሁለት ሰዓት ተኩሉ ቢቀየሩ ለአንድ ልጅ 4፣ ለአምስቱ 20 ጨርቅ በቀን ይፈጃል። ፀሐይ ካለ የዛሬው ለነገ ስለሚደርስ 40 ጨርቅ ያዘልቃል። ዝናብ ሆኖ ለመድረቅ ሁለት ቀን ከፈጀ ግን 60 ያስፈልጋል። 60 ጨርቅ ከሌለ ምን ይደረጋል? ያው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ያልደረቀው ይታሰራል፣ ወይም ልጁ በረጠበው ላይ ይቆያል። መላላጡ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ጥፋቱን ሳሙና ላይ ወይም የልጁ ቆዳ ላይ ይጥላል፤ በእኛ እይታ ግን ዋናው ችግር ማድረቅ ነው።

ለማድረቁ መላው ደግሞ እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። ይርጋጨፌ ላይ ቡና እንዴት እንደሚደርቅ የማያውቅ የለም። ከመሬት ከፍ ያለ የሽቦ ወንፊት አልጋ ላይ ሳስቶ ይሰጣል፣ አየር ከላይም ከታችም ያገኘዋል፣ በየሰዓቱ ይገላበጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ይለብሳል። ጨርቁም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ገመድ ላይ ተደራርቦ የተንጠለጠለ ጨርቅ በመሃል አየር ስለማያገኝ ሲሸት ይውላል። በረንዳ ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር፣ ሦስት አራት ገመድ በስንዝር ርቀት ተወጥሮ ጨርቁ ነጠላ ሆኖ ቢሰጣ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይታያል። (የቡናው አልጋ ላይ ወስዳችሁ እንዳታሰጡት ብቻ፣ የሳይቱ ዘበኛ ይጣላችኋል።) ከምድጃ በላይ መስቀል ዝናብ ሲጠና የማይቀር ነው፤ ግን ጥላሸቱና የጭሱ ሽታ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ እሳት የመያዝ አደጋም አለው። ካውያ ካለ በሱ መጨረስ ይሻላል። ሙቀቱ የቀረውን እርጥበትም ያወጣል፣ ጀርምም ይቀንሳል። ፀሐይ ብቅ ስትል ደግሞ ሳይታፈር ውጭ ማስጣት ነው፤ ጨረሯ ጀርም ይገድላል፣ እድፍም ያነጣል።

የጨርቁ ዓይነትም ለውጥ አለው። ስድስት ሰባት ድርብ ሆኖ የተሰፋ ወፍራም ጨርቅ ብዙ ሽንት ይይዛል፣ ግን በዝናብ ወቅት ሦስት ቀንም አይደርቅም። አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ሳሳ ያለ ጥጥ፣ ለምሳሌ አሮጌ አንሶላ፣ አቡጀዲ ወይም ያለቀ ነጠላ፣ ሲታሰር ብቻ ይታጠፋል። ሲታጠብ ይዘረጋል፣ ቶሎም ይደርቃል። እናቶቻችን ያሳደጉን በዚህ ነው፤ ድህነት ብቻ ሳይሆን ብልሃትም ነበረበት። አዲስ አቡጀዲ ሲገዛ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ውሃ ካልያዘ አትደንግጡ። ጥጥ የራሱ ቅባት አለው፣ ፋብሪካም ቀለብ ያደርግበታል፤ አራት አምስት ጊዜ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ መምጠጥ ይጀምራል።

አሁን ወደ ሽታው። በደንብ የታጠበ ጨርቅ ልጁ ገና አንዴ ሲሸናበት አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ ያወጣል፣ አይደል? ሽንት ውስጥ ዩሪያ የሚባል ነገር አለ። ጨርቁ ክር ውስጥ የቀሩ ባክቴሪያዎች ይህን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይሩታል፤ ሽታው የአሞኒያ ነው፣ ቆዳ የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ብዙዎች መድኃኒቱ ኦሞ መጨመር ይመስላቸዋል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ታጥቦ ያልወጣ ሳሙና ክሩ ላይ ተለጥፎ ባክቴሪያውንም አብሮ ይይዘዋል። መፈተኛው ቀላል ነው። ታጥቦ የደረቀውን ጨርቅ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ እሹት። አረፋ ካወጣ ሳሙናው አልወጣም ማለት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ፣ ምክንያቱም ሙቅ ውሃ የሰገራን እድፍ ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ከዚያ በሙቅ ውሃና በልክ በሆነ ሳሙና ማጠብ። ከዚያ አረፋ እስኪጠፋ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ። ለ20 ጨርቅ ቆጥበን ብናስብ እንኳ አራት ጀሪካን፣ ማለትም 80 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ከቦኖ ተሸክሞ ማምጣት ቀልድ አይደለም። ግን ጨርቅ አላደርቅ የሚለው ዝናብ ራሱ መፍትሔ ይዞ ይመጣል። 30 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 300 ሊትር ነው። ግማሽ ቀን የማይሞላ ዝናብ፣ አሸንዳና በርሜል ካለ፣ የሚባክነው ተቀንሶም የሦስት ቀን አጠባ ይሸፍናል። የዝናብ ውሃ ደግሞ ማዕድን ስለሌለበት ሳሙና ቶሎ ያረፋል፣ ቶሎም ይለቃል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ አጥቦ እስኪያልፍ አትጠራቅሙት፣ በርሜሉንም ክደኑት።

ስለ ክዳን ካነሳን፣ ጨርቅ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር የብዙ ቤት ልማድ ነው። ይህን እንድትተዉት አጥብቀን እንመክራለን። አንደኛ፣ የቆየ ዝፍዝፍ የባክቴሪያ መራቢያ ነው፤ ሽታውን ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁለተኛውና ትልቁ ግን ገና መዳህና መቆም የጀመረ ልጅ ባልዲ ላይ ተንጠልጥሎ በጭንቅላቱ ሊገባ ይችላል። ራሱ ስለሚከብደው መውጣት አይችልም፤ ሕፃን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃም ይሰጥማል፣ ድምፅም አያሰማም። አምስት ልጅ ባለበት ቤት አንድ ሰው ዓይኑ ሁሉም ላይ ሊሆን አይችልም። የቆሸሸው ጨርቅ ያለ ውሃ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይቆይና በዚያው ቀን ይታጠብ።

በረኪናስ? አልፎ አልፎ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ለታጠበ ጨርቅ ብቻ። ሽንት በጠጣ ጨርቅ ላይ በቀጥታ ማፍሰስ ግን አደገኛ ነው፤ በረኪናና አሞኒያ ሲገናኙ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ በር ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያስተውለውም፤ ቅቤ። ልጅን ቅቤ ወይም ቫዝሊን መቀባት የቆየ ልማድ ነው፣ መጥፎም አይደለም። ግን ቅባቱ ጨርቁ ላይ ሲያርፍ ጨርቁ ውሃ መምጠጥ ያቆማል፤ ሽንቱ በጎን ይፈሳል። "ጨርቁ አረጀ" ተብሎ የተጣለ ስንት አለ፣ ቅባት ብቻ የያዘ! ሙቅ ውሃና ሳሙና ሁለት ጊዜ ቢደጋገምለት ይመለሳል። ቅባቱን መቀባት ካስፈለገ በቆዳውና በጨርቁ መሃል ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ማስገባት ይቻላል። እንዳይፈስ ተብሎ ፌስታል ማሰር ግን ይቅር። ሙቀትና እርጥበት አፍኖ ይይዛል፣ ተፈትቶ ልጁ አፍና አፍንጫ ላይ ከገባ ደግሞ ያፍናል።

የተላላጠ ቆዳ በውሃ ብቻ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለተወሰነ ሰዓት ሳይታሰር አየር ቢያገኝ በሁለት ሦስት ቀን ይሻለዋል። ቅላቱ ብሽሽት እጥፋት ውስጥ ገብቶ ዳር ዳሩን ትንንሽ ቀይ ነጠብጣብ ካወጣ ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቅቤ አይድንም፣ ጤና ጣቢያ ይታይ።

"የሕፃን ሰገራ ምንም የለውም" የሚባለው ውሸት ነው። ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች እሱም ውስጥ አሉ። ትራኮማን ከሚያሰራጩት ዝንቦች ዋናው የሚራባው ደግሞ ሜዳ ላይ የቀረ የሰው ሰገራ ላይ ነው። ስለዚህ ሰገራውም የመጀመሪያው እጣቢም ወደ ሽንት ቤት እንጂ ወደ ጓሮ አይደፋም። ልጅ ከቀየሩ በኋላና ከማጉረስ በፊት እጅ በሳሙና መታጠብ ግድ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ጨርቅ ለብቻው ተለይቶ ይቀቀል። ከተቻለ ልጁ በዚያ ቀን ከእናቱ ጋር ይዋል። እዚህ ላይ ልጅ ያዧ ከሐኪምም ቀድማ የምታየው ምልክት አለ፤ ጨርቁ ለስድስት ሰዓት ያህል ደረቅ ከሆነ ልጁ ውሃ አልቆበታል ማለት ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ አፉ ከደረቀ፣ ጡት እምቢ ካለ ወይም ሰገራው ደም ካለው እናቱ እስክትመጣ አይጠበቅም፤ ኦአርኤስ እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ ነው።

ይህን ሁሉ ማን ይክፈል? ነጥቡ እዚህ ጋ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። ወቅት ጠብቃ በቀን ሂሳብ ቡና የምትለቅም እናት ጋ ግን ሁለቱም በተግባር አልደረሱም። ሌላ አገር የተሞከረ አለ። ሕንድ ውስጥ ሞባይል ክሬሽስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ዴልሂ ላይ ግንባታ ቦታ ለሚሠሩ እናቶች ልጆች ማቆያ ከፍቷል። ናይሮቢ ላይ ኪዶጎ የሚባለው ደግሞ በቤታቸው ልጅ የሚይዙ ሴቶችን ያሠለጥናል፣ ይደግፋል። የቡና ሳይት ባለቤቶችና ማኅበራት ለልጅ ያዦች ሁለት በርሜልና አሸንዳ ቢገዙ ለእነሱ ወጪው ያን ያህል አይደለም፤ ለቃሚዎቻቸውም ከሥራ አይቀሩም።

እስከዚያው ስምምነቱ በእናቶቹና በእሷ መካከል ነው። ብዙ ቦታ እናት የቆሸሸውን ጨርቅ ማታ ይዛ ትሄዳለች። ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት በጨለማ፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ ቤት ውስጥ ትሰቅለዋለች፤ ጠዋት እርጥብ ሆኖ ይመለሳል። እኛ የምናደላው ቀን ላይ ልጅ ያዧ ጋ መታጠቡ ላይ ነው፣ ክፍያው ግን ከልጅ መያዣው ተለይቶ ይቆጠር። "ያው አንድ ላይ ነው" ከተባለ አጠባው በነፃ ሆነ ማለት ነው፤ በነፃ የሚሠራ ሥራ ደግሞ ዝናብ ሲጠና መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ለቀማ ሳይጀመር፣ መስከረም ላይ፣ እያንዳንዷ እናት 12 ጨርቅ፣ የወር ሳሙናና አንድ ቀለም ክር ታምጣ። ክሩ ጨርቁ ጥግ ላይ ይሰፋል፦ የአንዱ ልጅ ቀይ፣ የሌላው ሰማያዊ። እንዲህ ከሆነ 60ው ጨርቅ ይሞላል፣ "የኔ ጨርቅ ጠፋ" የሚለው ጭቅጭቅም ይቀራል፣ የታመመው ልጅ ጨርቅም ሌላው ላይ አይታሰርም።